ዳኛው «ሰው አስገቡ» ያለ ዕለት

«ጥር ሃያ አንድ ነበር» ትላለች ፈትሂያ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ኧረ አይደለም። ጥር ሃያ አንድ ማርያም ናት፤ የኮምቦልቻዎቹ እነዳምጤ ንግሥ ሄደው ጨዋታ አይኖርም ነበር። የካቲት መሆን አለበት። እሑድ እንደነበር ግን አልረሳም።»

ጨዋታው ከእሑድ ሌላ ቀን ኖሮት አያውቅም። እሑድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስለሚያርፍ እዚያ የሚሠሩት የኮምቦልቻ ልጆች ዳገቱን በሚኒባስ ወጥተው፣ ደሴን አልፈው ቦሩ ሜዳ ይደርሳሉ። ገብሱ ከታጨደበት ባዶ ማሳ ላይ ከገበሬዎቹ ልጆች ጋር ቤዝቦል ይጫወታሉ፤ ኳሱን በዱላ የመታ «ቤት» ወደሚሏቸው ማረፊያዎች ይሮጣል። በዚያ አገር ያሉት ቡድኖች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቢጣሉ እንኳ ሌላ የሚገጥሙት ስለሌለ፣ በሳምንቱ ተመልሰው ይገናኛሉ።

ጨዋታውን ያመጣው ጀማሉዲን ነው። የደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ልጅ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ። ተማሪ ሳለ አንድ የውጭ አገር መምህር ደሴ መጥቶ አስተማራቸው። መምህሩ ሲሄድ ሌሎቹ ወደ እግር ኳሳቸው ተመለሱ፤ እሱ ግን በቤዝቦሉ ቀረ። ኮምቦልቻ ወርዶ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ከሆነ በኋላ፣ በመኪና ጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ላይ ከፋብሪካ የተጣለ ክር እየጠመጠመ፣ በላዩ ቆዳ እየሰፋ ኳስ ይሠራ ጀመር። ዱላውን ከወይራ አስጠረበ። ሚስት አግብቶ ፈታ፤ ልጅ አልወለደም። ጉልበቱ ሲደክም ዳኛ ሆነ።

ዳኝነቱን ሁሉም ያውቀዋል። ያየውን አንዴ ይናገራል፤ አይደግምም። ያላየውን አይፈርድም። አቧራ ከጋረደው «አላየሁም፣ ድገሙት» ይላል፤ አለቀ።

«ወላሂ ገብቻለሁ ጋሼ!» ይላል ሯጩ።

«መሐላህን ለቃዲው ውሰድለት። እኔ አላየሁም።»

የፈትሂያ የመጨረሻ ወንድም ሂሻም የቦሩ ሜዳ ተጫዋች ነበር። ቦታው በግራ በኩል፣ ከባሕር ዛፎቹ አጠገብ ነው። ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ደቡብ ሲሸሽ፣ ሂሻምና ጀማሉዲን አንድ የጭነት መኪና ላይ ሲወጡ ያየ ሰው አለ። ጀማሉዲን ከወራት በኋላ ተመለሰ። ሂሻም አልተመለሰም።

«ሐርቡ ላይ ተለያየን» አላት ፈትሂያን። «ሰው ብዙ ነበር።»

ከዚህ በላይ አልተናገረም። እሷም ደሴ ታሪክ የምታስተምር፣ ጥያቄ የማያልቅባት ሴት፣ ይህን አንዱን ደግማ ለመጠየቅ ፈራች።

ሬሳ የለም፤ መርዶ የነገረም የለም። ስለዚህ አልተለቀሰም፣ ሰደቃም አልወጣም። እናታቸው ከሪማ «አላህ ይዘንለት» የሚል አፍ ከተሰማ ተነሥተው ይወጣሉ። የሂሻም እጮኛ ሊያገባት ለጠየቀ ሁሉ መልስ ሳትሰጥ ተቀምጣለች።

ጨዋታው እንደገና ሲጀመር የቦሩ ሜዳ ቡድን የሂሻምን ቦታ ባዶ ተወው። ለዘጠኝ ስምንት ሆነው ይጫወታሉ። ማንም ምንም ሳይል አንድ ልማድ ተተከለ። የኮምቦልቻ ልጆች ወደዚያ አይመቱም። ኳሱ አምልጦ ከሄደም መቺው አንደኛው ቤት ላይ ይቆማል፤ አንድ ሰው በቀስታ ሄዶ ኳሱን ያመጣል። ፈትሂያ በየሳምንቱ መጥታ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ያ ቦታ ባዶ እስከሆነ ድረስ ወንድሟ መንገድ ላይ ያለ ይመስላታል።

በዚያ እሑድ ብርዱ የከፋ ነበር።

«ኮምቦልቻዎች! ሙቀት ፍለጋ ነው እንዴ የምትሮጡት?» ይጮኻል የቦሩ ሜዳው አለቃ ጣሀ።

«እናንተስ ጋቢያችሁን አውልቁና እጃችሁን እንየው!» ይመልሳል ዳምጤ፣ ዱላውን እያወዛወዘ።

ወዲያው መታ። ኳሱ ወደ ግራ፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሄደ። ዳምጤ እንደ ልማዱ አንደኛው ቤት ላይ ቆመ።

«ሩጥ!» አለ ጀማሉዲን።

«ጋሼ፣ በሂሻም በኩል እኮ ነው።»

«ኳሱ ጨዋታ ላይ ነው። ሩጥ።»

ዳምጤ አልሮጠም። ጀማሉዲን ፊሽካውን ነፋና ወደ ጣሀ ዞረ። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ፈትሂያ ግን ሰማችው።

«ጣሀ፣ እዚያ ቦታ ሰው አስገቡ።»

ጣሀ የሰማውን ያላመነ መሰለ። ጀማሉዲን አልደገመም። ከሽማግሌዎቹ መሐል ሼህ መሕሙድ ቆባቸውን አስተካክለው ከተቀመጡበት ተነሡ። መርዶ እንደሰማ ሰው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። የቀሩትም ተከትለው ተነሡ። ማሳው ላይ የነበረው ሁሉ ኳሱን ትቶ ቆመ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹ መርዶ ሊያረዱ የከሪማን በር አንኳኩ። ፈትሂያ በሩ ላይ ተገትራ፣ «ማን አየ? ሼህ መሕሙድ፣ እርስዎ ማን አየ ብለው ነው የመጡት?» አለች።

«ልጄ፣ ያ ሰው ያላየውን ተናግሮ ያውቃል?»

ከሪማ ከውስጥ ሰሙ። «ታዲያ እስካሁን ለምን አቆያችሁኝ?» አሉ፤ ከዚያም አለቀሱ። ሰፈሩ ሞላ። ሬሳ በሌለበት ሶላት ተሰገደ። የሂሻም እጮኛ ጥቁር ሻሽ አስራ መጥታ ከአማቷ ጎን ተቀመጠች።

ፈትሂያም አለቀሰች፤ ልቧ ግን አላረፈም። ጀማሉዲን ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ መሆኑን የሰማችው ለቅሶው ላይ ነው። ምናልባት የሂሻምን መጨረሻ በዓይኑ አይቶ፣ ሳይናገር መሄድ ከብዶት ይሆናል። ወይም ደግሞ ምንም አላየም፤ ስምንት ሰው ይዞ የቆመ ጨዋታ እሱ ሲሄድ እንዳይሞት ብሎ ቦታውን ማስሞላቱ ብቻ ነው። ያ ከሆነ እናቷ ያለቀሱት ለዳኛ ትእዛዝ ነው። ወንድሟ አንድ ቦታ በሕይወት ሊኖር ይችላል። መጠየቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ አይተሃል ወይስ አላየህም?

ጀማሉዲን ሦስቱንም ቀን መጣ። ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ ውስጥ አቀርቅሮ ይቀመጣል፤ እሷ ከሴቶቹ ጋር ቤት ውስጥ ናት። በተቀመጠ ለቅሶ መሐል ወንዱን ጠርቶ መመርመር ነውር ነው። ሰደቃው እስኪበላ ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ዱአው ሲያልቅ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ወጣች። የተቀመጠበት ቦታ ባዶ ነበር።

«አሁን ወጣ» አላት ጣሀ። «ነገ ማለዳ ነው የሚሄደው፤ ዕቃውን ሊያስር።»

ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ወደ ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ ቆሟል፤ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» ይላል። ጀማሉዲን አንድ እግሩን አስገብቷል።

«ጀማሉዲን!»

ዞሮ አያት። የሚናገር መስሏት ቆመች። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው ራሱን ዝቅ አደረገላትና ገባ። ረዳቱ በሩን ዘጋው።