የወረፋ ድንጋይ

የልጅ ልጆቼ አልጋዬ ሥር ሦስት ፌስታል ስኳር አገኙና፣ «እማማ፣ ከማን ነው የሚደብቁት?» ብለው ሳቁብኝ። «በሉ ይንገሩን» ብለው ከበቡኝ። ለእነሱ ግማሹን ነገርኳቸው። የቀረውን ዘመኑን ለምታውቁት ለእናንተ፣ በመሠረተ ትምህርት በለቃቀምኳት ፊደል ልጻፈው።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ እያለሁ፣ ሐዋሳ ከፒያሳ ጀርባ ነበር ቤታችን። ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ፣ ያውም ተሰልፎ ነው። ሁሉም ማታውኑ ድንጋዩን ያስቀምጣል፤ ድንጋዩ በሰው ፈንታ ተሰልፎ ያድራል። የእኛዋ በከሰል የተሰመረባት ቀይ ድንጋይ ናት፤ የእነ ዳመነች ስባሪ ብሎኬት። ዳመነች የአጥር ጎረቤቴ፣ ከአንድ ሳህን የምንበላ ጓደኛዬ ነበረች። እናቷ ያኔ አራስ ነበሩ።

አንድ ማለዳ እናቴ ወረፋችንን እንድይዝ ላከችኝ። ስደርስ ብሎኬቱ ፊት፣ የእኛ ድንጋይ ኋላ ነው። ማንም የለም። እንጃ፣ ረሃቡ ይሆን እጄን ያዘዘው፣ አቀያየርኳቸው።

ሰው ሲሰበሰብ ዳመነች መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አንዲት ሴትዮ፣ «ኧረ ዛሬስ ድንጋዩም እግር አውጥቷል!» ብላ ስትቀልድ ድንጋያችንን በቀሚሴ ጋረድኳት። ባለሱቁ ለእኔ ሰፈረና ጆንያውን አራገፈ።

«አለቀ! በቃ፣ ወደየቤታችሁ!»

ዳመነች ባዶ ጣሳዋን እንዳቀፈች ቀረች።

እናቴ የሆነውን ሳታውቅ፣ «በይ ለአራሷ አጥሚት ይሆናታል፣ ይቺን አድርሺ» ብላ በወረቀት ቋጥራ ሰጠችኝ። በምን ዓይኔ ልግባ? አጥሩ ጥግ ተቀመጥኩ። ትንሽ ልቅመስ ብዬ ጀመርኩና ወረቀቱ እስኪነጻ ላስኩት። «አደረስኩ» ብዬም ዋሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ዳመነች ሸሸችኝ፤ ያወቀችብኝ መስሎኝ እኔም ሸሸኋት። አጥር ለአጥር እየኖርን ሳንነጋገር አደግን። ዛሬ ስኳር በየሱቁ ሞልቷል፤ እጄ ግን መደበቁን አልተወም።

ከስንት ዘመን በኋላ ነው፣ በእናቴ ለቅሶ ዳመነች አጠገቤ ተቀምጣ የነገረችኝ።

«የዚያን ቀን ድንጋያችሁ ከእኛ ፊት ነበር። ሳይነጋ መጥቼ ወደ ኋላ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ድንጋዮቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ሳገኛቸው፣ ስኳሩም እኛ ጋ ሲደርስ ሲያልቅ፣ ፈጣሪ ቀጣኝ ብዬ ነው የሸሸሁሽ።»