የጣለው ያንሳ

ምርጫው ባለፈ ሰሞን፣ ሞጣ ከምሠራበት ክሊኒክ ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ አንስተው ቢቸና አሰሩኝ። "ሕዝብ ታነሳሳለህ" አሉኝ። መርፌ ስወጋ እየዋልኩ መቼ አነሳስቼ! ክፍሉ እርጥብ ጭቃና ላብ ይሸታል።

በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ መምህር ሸሚዛቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል። ማጅራታቸው ላይ ጡጫ የሚያህል ጉብታ አለ። አንድ ገበሬ እስረኛ ደብቆ ያስገባውን ምላጭ ይዞ ከኋላቸው ቆሟል።

"መጥፎ ደም ነው፤ ዋግምት ያወጣዋል" አለኝ።

"ኧረ በስመ አብ! ተው!" አልኩት። "ጋሼ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"ለአስሜ ነው፤ እየገዛሁ ዓመታት ዋጥኩት" ብለው አሳዩኝ። ፕሬድኒሶሎን ነበር።

"ደም አይደለም ጋሼ፣ ስብ ነው። ይህ ክኒን ሲቆይ ፊት ያሳብጣል፣ ማጅራት ላይ ስብ ይከምራል። ሐኪም ቀስ በቀስ ሲቀንስልዎ ይጎድላል። በአንዴ ግን እንዳያቆሙ!"

በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሰምቶን ኖሯል። ገብቶ ክኒኑን ነጠቃቸው።

"ያሳበጠው ክኒኑ ነው አላልክም? በቃ፣ አከምኩልህ!" ብሎ ሳቀ።

"ሰውነታቸው ለምዶታል፤ ድንገት ከተቋረጠ ይሞታሉ!"

"እዚህ እስረኛ እንጂ ሐኪም የለም።"

 በማግስቱ መምህሩ ያስመልሳቸው ጀመር፤ መቆምም አቃታቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለሽንት ስንወጣ ደግፈን አወጣንና ግድግዳው ሥር አስቀመጥናቸው። ያ ባለምላጭ ገበሬ ግቢው መሃል ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"የሰውዬው ክኒን ካልመጣ አልገባም!" አለ።

ሁላችንም ተቀመጥን። ዱላው ወረደብን፤ ጀርባችን ተላጠ፤ የተነሳ ግን አልነበረም። ፀሐዩ ሲበረታ ዘበኛው ክኒኑን አምጥቶ መምህሩ እግር ሥር ወረወረው።

"ያው! አንሳ!"

ላነሳላቸው እጄን ስሰድ ያዙኝ።

"ተው ልጄ። የጣለው ያንሳ።"

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና መዳፋቸውን ዘረጉ።  ምን ያህል እንደቆዩ እንጃ፤ እኔ ወድቀው ይሞቱብኛል ብዬ ጨንቆኛል። ዘበኛው ዙሪያውን የተቀመጥነውን ሁሉ አየ። ከዚያ አንስቶ እጃቸው ላይ አኖረው።

መምህሩ ከተፈቱ በኋላ ባህር ዳር ታክመው፣ ጉብታው ቀስ እያለ ጎደለ። እኔም ዛሬ ያንን ክኒን ለሚወስድ ሁሉ በአንዴ እንዳያቆም እስኪሰለቸኝ እናገራለሁ። የታሰርነው አንገታችንን እንድንደፋ ነበር። ያን ቀን በዚያ ግቢ ሲያጎነብስ ያየሁት ግን ዘበኛውን ብቻ ነው።