የእማማ የሻረግን ካርታ የበላው ዳታቤዝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ባልደረባዬ፣ «እነዚህን ትልልቅ ምስሎች ዳታቤዙ ውስጥ ላስገባቸው ወይስ ዲስኩ ላይ በፎልደር ይቀመጡ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተራ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ልጁም ፊቴን አይቶ ደነገጠ። ያስቆጣኝ እሱ አልነበረም፤ ጌትነት ነው።

ጌትነት ፍኖተ ሰላም ላይ የመጀመሪያው አለቃዬ ነበር። ኮሌጅ እንደጨረስኩ፣ የገበሬውን የመሬት ይዞታ ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ በሚያስገባ ጊዜያዊ ፕሮጀክት ተቀጠርኩ። ካርታዎቹን ስካን የማደርገው እኔ ነበርኩ። እያንዳንዱ ምስል ከባድ ነው፤ ኮምፒውተራችን ደግሞ አቅመ ቢስ።

«ምስሎቹ በፎልደር ይቀመጡ፤ ዳታቤዙ የባለቤቱን ስምና ምስሉ ያለበትን ቦታ ብቻ ይያዝ» አልኩት።

«አንዱ ደንቆሮ የፎልደሩን ስም ሲቀይረውስ? ስምና ካርታ ተለያይተው ይቀራሉ። ሁሉም አንድ ላይ ይግባ!»

ያለው ነገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ እንዲያ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። «ዳታቤዙ እንዲህ ካበጠ ግን መጠባበቂያ ቅጂ ማውጣት ያቅተናል፤ ቢበላሽ ሁሉም አብሮ ይሄዳል» ስለው ሠራተኛው ፊት ሳቀብኝ።

«ትናንት ተመርቃ ዛሬ ታስተምረኛለች!»

ዳታቤዙ አበጠ። ቅጂ ማውጣት ስንጀምር መብራት ይጠፋል፣ ሥራውም ከመሃል ይቋረጣል። በመጨረሻ ጌትነት «ተይው» አለኝ፤ ተተወ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በጣለበት ቀን፣ መብራቱ ሄድ መጣ ሲል ቆየና ዳታቤዙ አልከፈትም አለ። ከአንድ አሮጌ ቅጂ ጥቂቱን መለስን። ከዚያ ቅጂ በኋላ የገባው ካርታ ሁሉ ጠፋ።

በዚያው ሰሞን እማማ የሻረግ መጡ። የደጋ ዳሞት ሰው ናቸው፤ ከወረዳው ከተማ ከፈረስ ቤት በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ መኪናው በጭቃ እየተያዘ፣ ነጠላቸው ርሶ ደረሱ። ባላቸው ሲሞቱ የባላቸው ወንድም የይዞታ ደብተራቸውን ነጥቆ መሬቱን ሊያርስ ተነሥቷል። ይግባኛቸው በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ይታያል፤ የመጡት ካርታውን አትመን እንድንሰጣቸው ነው። ወረቀቱን አገራቸው ድረስ ሄጄ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ያን ዕለት በዚያ ብርድ ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ አብልተውኛል።

ጌትነት ኮምፒውተሩን አየና ዓይኑን ሳያሽ፣ «እናት፣ እርስዎ ካርታ አላስገቡም» አላቸው።

«ኧረ ጌታው! በእጄ ሰጥቼ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አልሰጠሁሽም እንዴ?»

«ሰጥተውኛል፣ እማማ። ውሸቱን ነው! ያጠፋነው እኛ ነን።»

ጌትነትን እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የምለው። አንቱታው የቀረው እዚያ ላይ ነው።

«ውጪልኝ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው።

እማማ የሻረግ አላለቀሱም። ትክ ብለው አዩትና፣ «መሬቱስ ይቅር፤ በስተርጅና ውሸታም አደረግኸኝ። እግዜር ይይልህ» ብለውት ወጡ።

ዋናውን ወረቀት መጋዘን ከተከመረው ጆንያ ውስጥ ስፈልግ ሰነበትኩ። አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋኝ። ሳገኘው ቀጠሮው አልፎ፣ ነገሩ ከፍርድ ቤቱ የክረምት ዕረፍት ወዲያ ተሻግሮ ነበር። የባላቸው ወንድም ሰኔ ላይ ገብስ ዘራበት። እማማ የሻረግ እህታቸው ቤት ተጠግተው ከረሙ። ጥቅምት ላይ ወረቀቱን ይዘው ረቱ፤ መሬቱም ተመለሰላቸው። የዚያን ዓመት አዝመራ ግን የመለሰላቸው የለም።

እኔስ? በግምገማ ላይ «መሥሪያ ቤቱን በሕዝብ ፊት አዋረደች» ተብዬ ወደ ቡሬ ተዛወርኩ። የተሰጠችኝ ክፍል ከበርበሬ ተራ ጀርባ ነበረች፤ አዲሱ በርበሬ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ሳስነጥስ እውላለሁ። ጌትነት ግን ሹመት አገኘ።

ዕድሜ ቁጣን ያበርዳል ይባላል። ፀጉሬ ሸብቷል፤ ቁጣዬ አልበረደም። የሚያውቁን ሰዎች «ይቅር በይው እንጂ» ይሉኛል። ምስል የት ይቀመጥ በሚለው ማንም ሊሳሳት ይችላል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሳስቻለሁ። ያን ይቅር ካልኩት ቆየሁ። የእኚያን ሴት ዓይን እያየ «አላስገቡም» ማለቱን ግን እስከ ዛሬ አላለፍኩለትም።

ወጣቱን በማግስቱ ጠራሁትና ረጋ ብዬ መለስኩለት። «ትልልቁን ዲስክ ላይ አስቀምጠው፤ ዳታቤዙንም ፎልደሩንም ሳታሰልስ ቅዳ። አንድ ቀን ከጠፋብህ ደግሞ ለባለቤቱ ‹ጠፋብኝ› በል።»