ኮምፒውተሩን ያስነሳነው እኛ ነን

መስከረም ሊጠባ ሲል ለልጄ ደብተርና እርሳስ ልገዛ እዚሁ አዳማ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከካርቶን ያወጣትን ላጲስ፣ ያቺን ግማሿ ቀይ ግማሿ ሰማያዊ የሆነችውን፣ ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። ፀሐይ ያሞቀው ጎማ ጎማ ትላለች። ባለሱቁ ግራ ገብቶት ያየኛል። ምን ብዬ ላስረዳው? ያ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዘመን አልፏል፤ አባቴም በሕይወት የለም፤ ንዴቴ ግን ወይ ፍንክች። እስቲ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። ጓደኛዬ የግቢያችን ተከራይ ነበረች። አባቷ ዓለም ጤና በምትባለው ከተማ አካባቢ ሽንኩርት ያመርቱ ነበር። ሴት ልጅ አዳማ ድረስ ልኮ ማስተማር ምን የሚሉት ነው ብለው ዘመድ ጎረቤቱ ቢያስቸግሯቸውም፣ እሳቸው መጥተው እናቴን አነጋገሩና "እዚህ ከሆነች እኔ ቤት እንዳለች ነው" ብለው ከኋላ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዷን ተከራዩላት። ትምህርቷ የተንጠለጠለው በዚያ እምነት ላይ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ክፍሏ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሌለው ነበር። ከቀትር በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል። ነፋሱ ሲነሳ አቧራው በቆርቆሮውና በግድግዳው መሃል እየገባ አልጋው ላይ፣ ደብተሩ ላይ፣ ምላሳችን ላይ ያርፋል። ከአጥሩ ውጪ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ሲያልፍ ይሰማናል። እኛ ግን ከዚያ ክፍል መውጣት አንወድም ነበር።

በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ነበረን። ነበረን ልበል እንጂ ወንዶቹ ነበራቸው ማለት ይቀላል። ደወሉ እንደተደወለ እነሱ እየተጋፉ ወንበሮቹን ይይዛሉ፤ እኛ ሴቶቹ ከጀርባቸው ቆመን በትከሻቸው ላይ እናያለን። አንዴ ጓደኛዬ እጇን ወደ ማውዙ ብትዘረጋ አንዱ ተማሪ "ሽንኩርት ሽንኩርት እንዳታሰኚው!" አላትና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቀ። መምህሩም! እስከ ዛሬ የማልረሳው የእሱን ሳቅ ነው።

እንግዲህ አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ከዱከም ሲመለስ አንድ ፋብሪካ ሊጥላቸው ያወጣቸውን የተበላሹ ኮምፒውተሮች ለምኖ በማዳበሪያ ከረጢት ጭኖ መጣ። ለማን? ለወንድሜ። ወንድሜ የእኔ ታላቅ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር ይማር ነበር። አባቴ ከረጢቱን ሳሎን መሃል ዘረገፈና "በል እንግዲህ፣ ሕይወት ዝራባቸው" አለው።

ወንድሜ አንዱን ሰካው፤ አልተነሳም። ሌላውን ሰካው፤ ጩኸት ብቻ። "እነዚህንማ እንኳን እኔ ፈረንጅም አያስነሳቸው" ብሎ ኳሱን ይዞ ወጣ። ዕቃው ጓዳ በር ላይ ተከመረ። እናቴ መተላለፊያ ሲያሳጣት ጊዜ "ወይ ይሠራ ወይ ይጣል" አለች። እኔም ጠየቅኳት፤ "እኛ ክፍል ብንወስደውስ?" እናቴ ቀና ብላ አይታኝ "ይዛችሁልኝ ሂዱ" አለች። በዚያ ቤት ፈቃድ የሰጠን ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

ጓደኛዬ አባቷ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሲፈቱ አጠገባቸው ያደገች ልጅ ነች። ሰው የሚፈራው ነገር አያስፈራትም። መሬት ላይ ነጠላ አነጠፈችና ሳጥኖቹን ከፍታ ደረደረቻቸው። ሁላችንም ሳጥኑን ሲፒዩ እንለው ነበር፤ ስንከፍተው ነው ውስጡ ስንት ነገር እንዳለ ያየነው። አቧራው እንደ ፍራሽ ጥጥ ተጋግሯል። የአንደኛው ኃይል ሰጪ ተቃጥሎ የከረረ ሽታ ይሸታል። እሷ "ከአንዱ እየነቀልን በሌላው እንሞክር፤ ሁሉም ነገር በአንዴ አይሞትም" አለችኝ። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛው ይሻለኝ ነበርና ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ የትኛው ገመድ የት እንደሚገባ እለይ ጀመር። ስንጨቃጨቅ ነበር የምንውለው። እኔ እቸኩላለሁ፣ እሷ አትቸኩልም። ብሎኖቹን በሻይ ስኒ አጠራቀምናቸው።

ከትምህርት ቤት መልስ፣ በየቀኑ፣ ላባችን እየተንጠባጠበ። በመጨረሻ ከሁሉም ደህና ደህናውን ለቃቅመን አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ገጠምን። ማብሪያውን ስጫነው ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ ረጅም ጩኸት ብቻ እየደጋገመ ያሰማል። ጢ—ጥ። ጢ—ጥ። ወንድሜም ያቆመው እዚህ ላይ ነበር።

ጓደኛዬ ግን "መምህሩ ያን ቀን በላጲስ ሲያሽ አላየሽም?" አለች። ልክ ነች! ራም የሚሉትን፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለውን ቀጭን ሰሌዳ፣ አንድ ቀን መምህሩ አውጥቶ ሲያሸው ቆመን አይተናል። የተቀመጡት ወንዶች ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ነበር፤ እኛ ቆመን ስለነበር የመምህሩን እጅ አየን። የደብተር ላጲሴን አመጣሁና ወርቅማዎቹን ጥርሶች ቀስ እያልን አሸናቸው። ላጲሷ ጠቆረች። ጎማው ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ ክፍሉን ሞላው። እሷ ሰሌዳውን መልሳ በሁለት አውራ ጣቶቿ ቀጭ እስኪል ተጫነችው።

አበራሁት። አንድ አጭር ድምፅ። ጢጥ! ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደላት ተግተለተሉ።

"ኢላሊ! ኢላሊ!" እያለች ጮኸች፤ እዪ፣ እዪ ማለቷ ነው፤ ስትደነግጥም ደስ ሲላትም የምትናገረው በኦሮምኛ ነው። ሰማያዊው ገጽ ሲመጣ ተቃቅፈን ዘለልን። የኮምፒውተሩ ባትሪ ሞቶ ስለነበር ቀኑን ወደ ኋላ፣ እኛ ሕፃናት ወደነበርንበት ዘመን መልሶታል። በሱ ስንት ሳቅን! የመጀመሪያ ሥራችን የሁለታችንን ስም ጎን ለጎን መጻፍ ነበር። እሷ ሽንኩርት ሸተተ በተባለው እጇ፣ በአንድ ጣቷ፣ ፊደል እየፈለገች ጻፈች።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ።

ጩኸታችንን ሰምቶ ወንድሜ መጣና አየ። "ማን አስነሳው?" አለ። "እኛ ነና!" አልነው። ማምሻውን ኮምፒውተሩን አንስቶ ሳሎን ወሰደው፤ እኛም የሁሉም ቤት ነው ብለን ዝም አልን። ቅዳሜ አባቴ ከመንገድ ሲገባ ኮምፒውተሩ በርቶ፣ ወንድሜ ፊቱ ተቀምጦ አገኘው። አባቴ እዚያው በሩ ላይ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ "አላልኩም? ኮሌጁ ሰው አደረገልኝ!" አለ።

"አባዬ፣ እኛ ነን እኮ የሠራነው፤ እኔና እሷ" አልኩት።

ሳቀ። ደስ ብሎት ነው የሳቀው፣ ክፋት የለውም፤ እሱ ነው የሚብሰው። "ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ ወንድምሽን ማገዝ ጥሩ ነው" አለኝ። ወንድሜን አየሁት። ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሏል።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ጎረቤቶች አሉ፤ አጎቴም ከሁሩታ መጥቷል። አባቴ ወንድሜን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ለእንግዳው ሁሉ ያሳያል። "ሞቶ የተጣለ ነበር እኮ! ልጄ ነው ነፍስ የዘራበት።" አጎቴ "እጅህ ይባረክ፣ አዳማን የምታስጠራ ያድርግህ" እያለ መረቀው። ወንድሜም "አሜን" አለ። አሜን! እኔ የለስላሳ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ጓደኛዬ እናቴን ልታግዝ ሳህን ይዛ ከጓዳ ብቅ ስትል ምርቃቱን ሰማችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር መናገር አልችልም። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።

ትሪውን አስቀመጥኩ። ሄጄ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፣ ከሶኬቱም ነቀልኩት፣ ክዳኑን ከፍቼ ራሙን አወጣሁና "እንግዲህ የሠራው ሰው ያስነሳው!" አልኩ።

ወንድሜ እየሳቀ ገመዱን ሰካና ማብሪያውን ተጫነ። ጢ—ጥ። ጢ—ጥ። ደግሞ ተጫነ። ጆሮው ቀላ። ውስጡን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ምን እንደጎደለ እንኳን አላወቀም። አጎቴ "ምን ሆነ ልጄ?" ይለዋል። ጩኸቱ አያቋርጥም። ያኔ ጓደኛዬን አሳዘናት መሰለኝ፣ ሳህኑን አስቀምጣ መጣች፤ ሶኬቱን ነቀለች፣ ሰሌዳውን ከእጄ ወሰደችና በሁለት አውራ ጣቶቿ ቀጭ አደረገችው። መልሳ ስታበራው ተነሳ።

ሁሉም አየ። አባቴም፣ አጎቴም፣ ጎረቤቶቹም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? እኔ የዋህ፣ አሁን ይጨበጨብላታል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ግን ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ "ለካ ልጄን እንዲህ ዓይን አውጣ ያደረገችብኝ ይቺ ናት!" አለ።

እሷ አንገቷን ደፍታ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። ለምኑ ነው ይቅርታው? እስቲ ለምኑ?

የተናገርኩት እኔ፣ የነቀልኩት እኔ፤ የተባረረችው ግን እሷ ናት። እኔማ ልጁ ነኝ፣ ወዴት ይጥለኛል? አባቴ አባቷ ዘንድ ልኮ አስጠራቸውና "ክፍሉን ለራሳችን ፈልገነው ነው" አላቸው። እናቴ "ልጅቷ ምን አጠፋች? ፈተናዋን እንኳን ትጨርስ" ብትለው "አንቺም ጀመርሽ?" አላት። እኔም አለቀስኩ፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ እሱ ግን አንዴ ተናግሯል፣ ቃሉን ከሚያጥፍ ሞቱን ይመርጣል። አባቷ ምክንያቱን አልጠየቁም። ልጅ ከሰው ቤት ስትሰናበት አባት ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ፍራሿን ጋሪ ላይ ሲጭኑ ላባቸውን እየጠረጉ ለእናቴ "ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሏት። አመሰገኑን! ሌላ ቤት አልተከራዩላትም። እምነታቸው እኛ ቤት ላይ ነበር፤ እኛ ቤት ደግሞ ተሰበረ። ብሔራዊ ፈተናውን እኔ ብቻዬን ገብቼ ተፈተንኩ።

ወንድሜ አንድ ቀን "እኔ እኮ ሠራሁ አላልኩም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላለም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ አሜን አለ፣ በቃ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ ስለ ልጅነቱ ሲጫወት "ሠፈራችን ውስጥ የመጀመሪያው የቤት ኮምፒውተር እኛ ቤት ነው የተገጠመው" ይላል። ማን እንደገጠመው ግን ዛሬም አይናገርም፤ እኔ ካለሁበት ደግሞ ጨዋታውን ይቀይራል።

ጓደኛዬን ያገኘኋት አምና ነው። በሥራ ጉዳይ ወደ መቂ ስሄድ ዓለም ጤና ወረድኩና የአባቷን ስም እየጠራሁ ጠየቅኩ። ግቢዋ በሽንኩርት ጆንያ ተሞልቷል። ወፈር ብላለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። አካም እየተባባልን ብዙ ተሳሳምን። ከጎኗ ሽንኩርት የምትለይ ሴት ልጇ፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ማን እንደሆንኩ ጠየቀቻት።

"ኮምፒውተር አብረን ሠርተናል፣ እኔና እሷ" አለቻት።

ልጅቷ ሳቋን ለቀቀችው። "እማ? ኮምፒውተር?"

ጓደኛዬም አብራት ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እዚያው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና ለልጅቷ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ እንደ ተከራካሪ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እናትየዋ ሽንኩርቱን እየለየች አንድ ሁለቴ "ተይ እንጂ፣ ያለፈ ነገር" አለችኝ።

"ስክሪኑ ሲበራ ማንም እንዳያየን በሩን ዘግተን ነበር" ስል ነው ያቋረጠችኝ።

"ክፍት ነበር" አለች፣ ቀና ሳትል። "የውጪው ብርሃን ስክሪኑ ላይ እያንጸባረቀ ስላስቸገረን አንቺ በነጠላ ጋረድሽልኝ። እኔ አንደኛውን ፊደል አነበብኩ፣ አንቺ ቀሪውን።"

ልጅቷ መሳቋን ትታ እናቷን ታይ ጀመር።