የእህቴ እጅና ጉርጧ

ቢቸና ላይ ዝናብ አባርቶ ጉርጥ ከቦዩ ሲጮኽ፣ ዛሬም እናደዳለሁ።

ልጆች ሆነን፣ ሞጣ ሳለን፣ የእህቴ የአበቡ እጅ ኪንታሮት አወጣ። «ጉርጥ ሸንታባት ነው» ተባለና ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። መምህራችን አባቴን ሊያስረዱ ቤት ድረስ መጡ።

«ጋሼ፣ ጉርጥ የእንቁራሪት ዘመድ ናት፤ ሁለቱም በውኃም በየብስም ከሚኖሩት ወገን ናቸው። ሻካራ ቆዳዋ ተፈጥሮዋ ነው፤ ኪንታሮት አታስይዝም።»

«እሱስ ይሁን፤ የሰውን አፍ በምን ልዝጋው?» አሉ አባቴ።

መልሱ አበቡን ከትምህርት አስቀርቶ ሮብ ገበያ ወደሚባል ከተማ መዳር እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ሰርጓ ሳይደርስ ኪንታሮቱ በራሱ ጊዜ ረገፈ። ሰርጉ ግን አልቀረም።

ዛሬ ልጇ የቤት ሥራ ይዛ ስትመጣባት፣ «አባትሽን ጠይቂ» ትላታለች። እኔ አባቴን ይቅር አላልኳቸውም።