ለጋሽ ታደሰ የመረጥኩት አረር

«ምን ልትመታበት ነው?» አለኝ ሻጩ። የእርሳስ አረሩን እጄ ላይ አገላበጥኩት።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ያለ አንድ የጦር መሣሪያ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። አጎቴ ጋሽ ታደሰ ከሞቱ ወዲህ ደንዝዣለሁ። ቀብራቸው ላይ እንኳ አላለቀስኩም።

አንድ ዓይነት ጥይት የሚተኩሱ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥና ጠመንጃ ነበሯቸው። ጥይቱን ጋራዣቸው ውስጥ አብረን ነበር የምንሞላው፤ ቀለሁ ውስጥ ባሩድ፣ ጫፉ ላይ አረር።

«ስሞት እንደ አገሬ ሰው ይተኮስልኝ» ይሉ ነበር። መቃብር ቦታው ላይ አይቻልም ስለተባልን፣ ቅዳሜ ለአርባቸው አንድ አሜሪካዊ ወዳጃቸው እርሻው ላይ እንድንተኩስ ፈቅዶልናል።

ስለዚህ ቆሜ መረጥኩ። ጫፉ ሹል የሆነውን መለስኩት፤ ጠመንጃው ውስጥ ጥይቶቹ ተከታትለው ስለሚደረደሩ፣ ሹሉ ከፊቱ ያለውን ጥይት ቂጥ ወግቶ ሊያፈነዳው ይችላል። ጠፍጣፋውን ያዝኩ። (ሹሉን ብገዛ ከመቃብር ተነስተው ይቆጡኝ ነበር።)

«ለሞተ አጎቴ ክብር ወደ ላይ የምንተኩሰው ነው» አልኩት።

«ታዲያ አረር ምን ያደርግልሃል?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ወደ ላይ የሄደው ተመልሶ ሰው ላይ ይወርዳል። ድምፁ ብቻ ይበቃል።»

እውነቱን ነው። ግን ገዛሁት።

አሁን ፓርክ ያደረግኩበት መኪና ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። የአረሩ ካርቶን ጭኔ ላይ ነው፤ ይከብዳል። ከሞቱ ወዲህ የተሰማኝ ነገር ይኼ ብቻ ነው።

እናንተስ፣ ለሞተ ሰው የማያስፈልገውን ነገር ተጨንቃችሁ መርጣችሁለት ታውቃላችሁ?