የእርድ ወረቀትና የዘይነባ በርሜል

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የተሰጠኝ የቁልፍ ዘለላ፣ ነጭ ጋዎንና አንድ ትእዛዝ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኘ ተቀጠርሁ። የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊው አቶ ሙላት በሩን ከፍተው አስገቡኝና፣ "ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ተማሪዎች አሲድና ቤዝ ሊለዩ ይገባሉ። ሊትመሱን አዘጋጂ" ብለውኝ ወጡ።

ሊትመስ አሲድ ሲነካው ቀይ፣ ቤዝ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆን ወረቀት ነው። ቁም ሳጥኑን ከፈትሁ። ጉድ ፈላ! ሰማያዊው ወረቀት ሁሉ ቀልቷል። ለካ አጠገቡ የተቀመጠው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ፣ ወረቀቱ እንፋሎቱን ሲጠጣ ኖሯል። አቶ ሙላት ዘንድ ሮጨ ሄጀ ነገርኋቸው።

"ታዲያ እኔ ከየት ልውለድልሽ? ቴክኒሺያኗ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ተናድጀ ቤቴ ገባሁ። ንዴቴን በሥራ ልወጣው ብየ፣ የጎረቤት ክርስትና ላይ አልጫ የፈሰሰበትን ነጠላየን ዘፍዝፌ በደረቅ ሳሙና ፈተግሁት። ቢጫው ነጠብጣብ ደም መሰለ። ይህን ያላየ የእኛ አገር ሴት የለም፤ አልጫ የነካው ነጭ ልብስ ሳሙና ሲያገኝ ይቀላል፣ እኛም ሳሙናውን እንረግማለን። እኔም ልረግም አፌን ከፍቸ እዚያው ቀረሁ። ሳሙና እኮ ቤዝ ነው! አልጫውን ቢጫ ያደረገው ደግሞ እርድ ነው! ሎሚ ቆርጨ ጠብ አደረግሁበት። ቀዩ ወዲያው ወደ ቢጫ ተመለሰ። ብቻየን እልል ብል ጎረቤቴ በአጥር ብቅ ብላ "ምን ተገኘ? ማን አገባ?" አለችኝ።

እርድ በውሃ እሺ ብሎ አይሟሟም፤ አረቄ ግን ቀለሙን ያወጣዋል። ግማሽ ብርጭቆ አረቄ ላይ አንድ ማንኪያ እርድ በጥብጨ፣ አጥልየ፣ ነጭ ወረቀት ነክሬ አደረቅሁ። ከዚያ ግማሹን የአመድ ውሃ አስነክቸ አቀላሁትና እንደገና አደረቅሁት። ቢጫው ቤዝ ሲያገኝ ይቀላል። የቀላው አሲድ ሲያገኝ ቢጫ ይሆናል። ሁለት ዓይነት ወረቀት አገኘሁ ማለት ነው!

በማግስቱ አቶ ሙላት ጠጋ ብለው አሸተቱኝ።

"ብርቄ! በሁለተኛ ቀንሽ? ያውም በጠዋቱ?"

"የጠጣው ወረቀቱ ነው፣ ጌታየ" አልሁ።

ተማሪዎቹ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ እርጎ፣ የአመድ ውሃና የሳሙና አረፋ ፈተኑ። ወረቀቱ በተቀየረ ቁጥር ይጮኻሉ፤ እኔ ከእነሱ ብሼ እዘላለሁ። አቶ ሙላት ራሳቸው ሳይቀሩ ከኪሳቸው ብርቱካን አውጥተው ሞከሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራየን የወደድሁት ያን ቀን ነው።

አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበረብኝ። ልጆች ጠርሙስ እንዳይነኩብኝ ስፈራ፣ ጠርሙሱ የምንም ይሁን የምን "ኧረ ተው! አሲድ ነው፣ ያቃጥላል!" እያልሁ እጮኽ ነበር። ኮስቲክ ሶዳውን እንኳ፣ ቤዝ መሆኑን እያወቅሁ፣ እንዲሁ እል ነበር። አቶ ሙላት አንድ ቀን "በስሙ ጥሪው እንጂ" ቢሉኝ "ይፍሩልኝ እንጂ ስሙ ምን ያደርግላቸዋል?" አልኋቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ረስቸ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ፣ የድሮ ተማሪየ ዘይነባ እንባዋን እያዘራች ላቦራቶሪ ድረስ መጣች። ቤተሰቦቿ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ ግን በግቢዋ ፈሳሽ ሳሙና እየሠራች ራሷን ችላለች። ትልቁ ደንበኛዋ ጣና ዳር ያለ አንድ ዓሣ ቤት ነው።

"እትየ ብርቄ፣ ድረሱልኝ! የእቃ አጣቢዎቹ እጅ በእኔ ሳሙና ተላጠ። ኃላፊው 'እስከ ነገ ጠዋት ደህና ሳሙና ካላመጣሽ ከሌላ ሰው እወስዳለሁ' አለኝ። እሱ ከተወኝ ሥራየ አለቀለት።"

ወረቀቶቼን ይዠ ተከተልኋት። ፈሳሽ ሳሙና የሚሠራው ሳልፎኒክ የሚሉትን አሲድ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር በማመጣጠን ነው። ከሁለቱ አንዱ ከበዛ እጅ ይበላል። በግቢዋ ሰማያዊ በርሜል ሙሉ ሳሙና ቆሟል፤ አጠገቡ በባልዲ የተበጠበጠ ኮስቲክ አለ።

"ያቃጥላል ማለት አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። ይህን ልጨምርበትና ላስተካክለው" ብላ ባልዲውን አነሳች።

"ኧረ በሕግ አምላክ! አስቀምጪው!" ብየ ጮኽሁ።

ቢጫውን ወረቀት በርሜሉ ውስጥ ነከርሁት። ወዲያው ደም መሰለ።

"ዘይነባ፣ የበዛው ኮስቲኩ ነው። ይህን ብትጨምሪበት የሰው እጅ ይጠፋ ነበር።"

ክው ብላ አየችኝ። "ካቃጠለ አሲድ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ልክ ናት። ያቺን የእኔን ጩኸት ይዛ ነው ያደገችው። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ" አልኋት። ከዚያ ጓንት አጠለቅንና ወደ ሥራ ገባን።

ሳልፎኒኩን በኩባያ እየጨመርን፣ በረጅም እንጨት እያማሰልን፣ በየመሐሉ ቢጫ ወረቀት እየነከርን ቀጠልን። አንደኛው ኩባያ ላይ ወረቀቱ ቀላ። ሁለተኛው ላይ ደብዘዝ አለ። አራተኛው ላይ ቢጫ እንደሆነ ቀረ!

"ደረስን!" ብላ ዘለለች።

"ቆይ! አሲድ ቢበዛም ቢጫው አይቀየርም" ብየ ቀዩን ነከርሁት። ወዲያው ቢጫ ሆነ። አልፈን ሄደናል! ከባልዲው ኮስቲክ በሲኒ ጠብ አደረግሁ። አማሰልን። ሁለቱንም ወረቀት አንድ ላይ ነከርን። ቢጫው ቢጫ፣ ቀዩ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

"እሰይ!" አልሁ። ዘይነባ በጓንቷ አቀፈችኝ፤ ጋዎኔ አረፋ በአረፋ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ሳሙናውን በጀሪካን ይዘን ዓሣ ቤቱ ሄድን። ኃላፊው እጁን አጣምሮ፣ "እስቲ እናኑ ትሞክረው" አለ። እናኑ እጇ የተላጠው እቃ አጣቢ ናት። እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። አልፈረድሁባትም። ወረቀቶቹን አውጥቸ እያየች ፈተንሁላት፤ ቀጥየም እኔና ዘይነባ በሳሙናው እስከ ክርናችን ታጠብን።

እናኑ አየት አደረገችንና ደህና የቀረችውን ትንሿን ጣቷን ብቻ ነከረች። ጠበቀች። እኛም ጠበቅን።

"አይለበልብም" አለች።

ኃላፊው ጀሪካኑን ወደ ጓዳ አስገባው። ዘይነባ ግን አልተከተለችውም። የእናኑን እጅ ይዛ "ይቅር በይኝ እህቴ፣ ባለማወቅ ነው" አለቻት። እኔም "አላዋቂ ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ እኔንም ይቅር በይኝ" አልሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እያንዳንዱን ጠርሙስ በስሙ ጠራሁ። ለእናንተም የምለው ይኸው ነው፤ ቤዝም ያቃጥላል። መጀመሪያ ለዩ፣ ከዚያ ጨምሩ።